ኃይል፣ ኢነርጂ ወይስ ቶርክ? የፑሊና የሽክርክሪት ጥያቄ በየትኛው መንገድ ይፈታ

የፑሊ (ገመድ የሚያልፍበት ጎማ) ጥያቄ ላይ ጊዜ የሚበላው ስሌቱ አይደለም፤ ስሌቱ መጨረሻ ላይ መደመርና ማካፈል ነው። ጊዜ የሚበላው የመጀመሪያው መስመር ነው። የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ልጻፍ? ኢነርጂ ልቁጠር? ቶርክ (የማዞር ጉልበት፣ ኃይል ከመዞሪያው ባለው ርቀት ሲባዛ) ልውሰድ? ሁሉም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ስለሆኑ በቦታቸው ከገቡ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ነገር ግን አንዱ በሁለት መስመር የሚጨርሰውን ሌላው ገጽ ሙሉ ያስፈጃል። ያለቦታው የገባ መንገድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፦ ቁጥሩ ያምራል፣ መልሱ ግን ስህተት ነው።

እኔ መንገድ የምመርጠው ሁለት ነገር ጠይቄ ነው። አንደኛው፣ የተፈለገው ምንድን ነው? ፍጥነት ነው፣ አክስሌሬሽን (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ነው፣ ወይስ ገመዱ ላይ ያለው ቴንሽን (ገመዱ የሚጎትትበት ኃይል)? ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ የማላውቀው፣ ማንም ያልጠየቀኝና በሒሳቡ ውስጥ ብቻ የሚያስቸግረኝ ኃይል የትኛው ነው? የሚሻለው መንገድ ያንን ኃይል ገና ከመጀመሪያው የሚያስወጣው ነው።

ከዚህ በታች ለስሌት እንዲቀል የስበትን አክስሌሬሽን 10 ሜትር በሰከንድ ካሬ እያልን እንይዛለን። ገመዱ አይለጠጥም፣ ክብደትም የለውም፣ ፑሊው ላይም አይንሸራተትም።

አንድ ፑሊ በሦስት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1784 እንግሊዛዊው ጆርጅ አትዉድ ስለ አንድ ቀላል መሣሪያ ጽፎ አሳተመ፤ በፑሊ ላይ የተጣለ ገመድ፣ በሁለቱም ጫፍ ክብደት። ዓላማው አወዳደቅን በዓይንና በሰዓት ሊለካ እስኪችል ድረስ ማዘግየት ነበር። መሣሪያው ዛሬም የፈተና ወረቀት ላይ አለ። የእኛ በአንድ በኩል 5 ኪሎ፣ በሌላው 3 ኪሎ ያንጠለጠለ ይሁን፤ ፑሊው ደግሞ 4 ኪሎ የሚመዝን ድፍን ዲስክ ነው።

በኃይል መንገድ ሦስት አካል ስላለ ሦስት ሥዕል ይሣላል። ለከባዱ፦ 50 ሲቀነስ የሱ ቴንሽን = 5 × አክስሌሬሽን። ለቀላሉ፦ የሱ ቴንሽን ሲቀነስ 30 = 3 × አክስሌሬሽን። ለፑሊው፦ የሁለቱ ቴንሽን ልዩነት በራዲየስ ሲባዛ ከኢነርሺያው (ለመዞር ካለው እምቢታ) ጋር ይገናኛል። የድፍን ዲስክ ኢነርሺያ የመጠነ ቁሱ ግማሽ በራዲየስ ካሬ ስለሆነ ራዲየሱ ተሰርዞ የቴንሽኑ ልዩነት = 2 × አክስሌሬሽን ይሆናል። ሦስቱን መስመር ደምሩ፦ 20 = 10 × አክስሌሬሽን። መልሱ 2 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። ወደ ኋላ ተመልሰን ስንተካ በከባዱ በኩል 40 ኒውተን፣ በቀላሉ በኩል 36 ኒውተን ቴንሽን እናገኛለን።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ በሁለቱም በኩል አንድ ቴንሽን መጻፍ ነው። እንደዚያ ሲደረግ አክስሌሬሽኑ 2.5፣ ቴንሽኑ 37.5 ይወጣል፤ ይህ ፑሊው ክብደት የሌለው ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበር። 4 ኪሎ የሚመዝን ዲስክ ግን ያለምክንያት ፍጥነት አይጨምርም። ግራና ቀኙ እኩል ከጎተቱት ማን ሊያዞረው ነው?

አሁን በኢነርጂ። ከባዱ 1 ሜትር ሲወርድ ቀላሉ 1 ሜትር ይወጣል፤ ስበት የለቀቀው 50 − 30 = 20 ጁል ነው። ይህ 20 ጁል የሚሄደው ወደ 5 ኪሎው፣ ወደ 3 ኪሎውና ወደ ፑሊው መዞር ነው። ፑሊው በኢነርጂ ዓይን የመጠነ ቁሱ ግማሽ፣ 2 ኪሎ ሆኖ ይቆጠራል፤ ስለዚህ 20 = ግማሽ × 10 × የፍጥነት ካሬ። ፍጥነቱ 2 ሜትር በሰከንድ። አንድ መስመር፣ ቴንሽን የሚባል ነገር ሳይነሳ። ጥያቄው «1 ሜትር ከወረደ በኋላ ፍጥነቱ ስንት ነው?» ከሆነ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። «ገመዱ 38 ኒውተን ብቻ የሚችል ቢሆን ይበጠሳል ወይ?» ከሆነ ግን ኢነርጂ ዝም ይላል፤ ቴንሽኑን ያስወጣነው እኛው ራሳችን ነን።

ሦስተኛው መንገድ የሚገባውን ያህል አይወደስም። ሦስቱን አካላት እንደ አንድ ሥርዓት ይዛችሁ በፑሊው መሐል ዙሪያ ቶርክ ቁጠሩ። ከውጭ የሚመጣው ቶርክ (50 − 30) × ራዲየስ ብቻ ነው፤ የገመዱ ኃይሎች ውስጣዊ ስለሆኑ ይጠፋፋሉ፣ አክስሉ (ፑሊው የሚዞርበት ዘንግ) የሚገፋውም መሐሉ ላይ ስለሆነ ቶርክ የለውም። አንጉላር ሞመንተሙ (የመዞር እንቅስቃሴው መጠን) 10 × ፍጥነት × ራዲየስ ነው። ስለዚህ 20 = 10 × አክስሌሬሽን፣ አለቀ። እንደ ኢነርጂ ያጠረ ነው፣ አክስሌሬሽኑን ግን በቀጥታ ይሰጣል። አክስሉ ላይ ሰበቃ ቢኖር እንኳ የሱን ቶርክ ከእኩልታው ግራ ጎን መቀነስ ብቻ ነው። ቦታውን የማይለቅ አንድ ፑሊ ባለበት ጥያቄ ሁሉ እኔ የምጀምረው ከዚህ ነው፤ ቴንሽን ከተጠየቅኩ ደግሞ አክስሌሬሽኑን ይዤ አንድ ሥዕል ብቻ እሣላለሁ።

የቀረው አክስሉ የሚሸከመው ኃይል ነው። ከኃይል መንገድ በቀር የሚመልሰው የለም፦ 40 + 36 + የፑሊው የራሱ 40 = 116 ኒውተን። ሁሉም ነገር ቆሞ ቢሆን ኖሮ 120 ነበር። የጎደለው 4 ኒውተን የት ሄደ? ከሚወጣው ይልቅ የሚወርደው መጠነ ቁስ በ2 ኪሎ ስለሚበልጥ የሥርዓቱ ማዕከል ወደ ታች ፍጥነት እየጨመረ ነው፤ 2 ኪሎ በ2 አክስሌሬሽን ሲባዛ 4 ይሆናል።

ፑሊው ራሱ ሲንቀሳቀስ

ፑሊው ቦታውን ሲለቅ ችግሩ ከኃይሉ ወደ ገመዱ ይዞራል። የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ በመጀመሪያ የገመዱን ርዝመት ጻፉ። የገመዱ አንድ ጫፍ ጣሪያ ላይ ታስሯል እንበል፤ በተንቀሳቃሽ ፑሊ ሥር ያልፋል፣ ከዚያ በቋሚ ፑሊ ላይ ዞሮ 3 ኪሎ ያንጠለጥላል። ከተንቀሳቃሹ ፑሊ ሥር 4 ኪሎ ተንጠልጥሏል፤ ፑሊዎቹ ክብደት የላቸውም። 4 ኪሎው 1 ሜትር እንዲወጣ በሁለቱም በኩሉ ያለው ገመድ በ1 በ1 ሜትር ማጠር አለበት፤ ስለዚህ 3 ኪሎው 2 ሜትር ይወርዳል። ይህን ያልጻፈ ሰው ለሁለቱም አንድ አክስሌሬሽን ሰጥቶ 2 ያገኛል። ትክክለኛው ግን፣ አክስሌሬሽን ስንል የ4 ኪሎውን ይዘን፣ 30 − ቴንሽን = 6 × አክስሌሬሽን እና 2 × ቴንሽን − 40 = 4 × አክስሌሬሽን ነው፤ 4 ኪሎው በ1.25 ይወጣል፣ 3 ኪሎው በ2.5 ይወርዳል፣ ቴንሽኑ 22.5 ኒውተን ነው።

የገመዱን ርዝመት መጻፍ ለሚያደናግረው ሰው አቋራጭ አለ። ክብደት የሌለው ገመድ በድምሩ ሥራ አይሠራም፤ የአንዱን አካል ቴንሽን በእንቅስቃሴው አባዝታችሁ ከሌሎቹ ጋር ብትደምሩ ዜሮ ይመጣል። 4 ኪሎውን የሚጎትተው ሁለት ቴንሽን ነው፣ 3 ኪሎውን አንድ፤ እንቅስቃሴያቸው የግድ አንድ ለሁለት ይሆናል። ገመዱ በአምስት ፑሊ ቢጠማዘዝም ይኸው ብልሃት ይሠራል።

እውነተኛው ፈተና ግን ፑሊ በፑሊ ላይ ሲንጠለጠል ነው። በቋሚው ፑሊ በአንድ በኩል 4 ኪሎ፣ በሌላው በኩል ክብደት የሌለው ፑሊ አለ፤ በዚያ ፑሊ ላይ ደግሞ 3 ኪሎና 1 ኪሎ ተንጠልጥለዋል። 4 በ4 ነውና ላይኛው ይቆማል የሚል ሰው ብዙ ነው። አይቆምም፤ 4 ኪሎው ይወርዳል።

ሦስት መንገድ አለ። በኒውተን ከሄድን የማይታወቁት አምስት ናቸው፦ ሦስት አክስሌሬሽንና ሁለት ቴንሽን። አምስት መስመር ተጽፎ ይፈታል፤ የሚያስቸግረው የምልክት ስህተት ብቻ ነው፣ እሱ ግን በደንብ ያስቸግራል። ሁለተኛው መንገድ ታችኛው ፑሊ ላይ ወጥቶ መቀመጥ ነው። ፑሊው ወደ ላይ ፍጥነት ሲጨምር እዚያ ለተቀመጠ ሰው ስበቱ 10 ሳይሆን 10 ሲደመር አክስሌሬሽኑ ይመስለዋል። ባለ 3 እና ባለ 1 ኪሎ አትዉድ ገመዱን የሚጎትተው ደግሞ እንደ 4 ኪሎ አይደለም፤ ሁለቱን አባዝቶ፣ በአራት አባዝቶ፣ ለድምራቸው ማካፈል ነው፦ 4 × 3 × 1 ሲካፈል ለ4፣ ማለትም 3 ኪሎ። ጥያቄው 4 ኪሎ ከ3 ኪሎ ጋር የተሰቀለበት ተራ አትዉድ ሆነ፦ አክስሌሬሽኑ 10 ሲካፈል ለ7፣ 1.43 ገደማ።

ሦስተኛው የላግራንዥ መንገድ ነው። የሒሳብ ሊቁ ላግራንዥ እ.ኤ.አ. በ1788 ባሳተመው መጽሐፉ መቅድም ላይ በሥራው ውስጥ አንድም ሥዕል እንደማይገኝ በኩራት ጽፏል፤ መንገዱም እንደዚያው ነው፣ ቀስት አይሣልም። ሥርዓቱ በስንት መንገድ መንቀሳቀስ ይችላል? በሁለት፦ 4 ኪሎው በሚወርደው እና 3 ኪሎው ከታችኛው ፑሊ አንጻር በሚወርደው። የመጀመሪያውን አክስሌሬሽን «ሀ»፣ ሁለተኛውን «ለ» እንበላቸው። የእንቅስቃሴና የስበት ኢነርጂውን ጽፈን ስናበቃ የሚቀሩት ሁለት መስመሮች ናቸው፦ 8ሀ − 2ለ = 0 እና 4ለ − 2ሀ = 20። ከመጀመሪያው ለ = 4ሀ፣ ከሁለተኛው 14ሀ = 20፤ ያው 10 ሲካፈል ለ7። የመጀመሪያውን መስመር ልብ በሉት። በቀኝ በኩል ዜሮ ነው፤ ክብደቶቹ በርግጥ ተመጣጥነዋል። 4 ኪሎውን የሚያንቀሳቅሰው የታችኞቹ ሁለቱ መላቀቅ ነው። 3 ኪሎው እየወረደ ሳለ ጥንዱ ገመዱን በ40 ኒውተን አይስብም፤ ላይኛው ቴንሽን 34.3 ኒውተን ብቻ ነው።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ሥርዓቱ በአንድ መንገድ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ላግራንዥ መሸከም ሳያስፈልግ ኢነርጂ ወይም ቶርክ ይበቃል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ላግራንዥ ወዲያውኑ ዋጋውን ይመልሳል። ቴንሽን ከተፈለገ ግን ዞሮ ዞሮ ወደ ኒውተን መመለስ ነው፤ የሚያንሸራትት ሰበቃ ካለም ውበቱ ይቀንሳል።

ተዳፋት ላይ የሚንከባለል

ድፍን ሉል፣ ድፍን ሲሊንደርና ስስ ቀለበት ተዳፋት ላይ ሳይንሸራተቱ ይንከባለላሉ። ያለ ሰበቃ ቢንሸራተቱ ኖሮ ከሚኖራቸው አክስሌሬሽን ሉሉ 5/7፣ ሲሊንደሩ 2/3፣ ቀለበቱ ግማሹን ያገኛሉ። ትልቅ ይሁኑ ትንሽ፣ ይክበዱ ይቅለሉ፣ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

ኢነርጂ እታች ሲደርሱ ያላቸውን ፍጥነት ይሰጣል። ወለሉን በሚነካው ነጥብ ዙሪያ ቶርክ መውሰድ አክስሌሬሽኑን በአንድ መስመር ይሰጣል፤ ሰበቃውም ድጋፉም እዚያው ነጥብ ላይ ስለሚያርፉ ሁለቱም ይወጣሉ። የነጥቡ ምርጫ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ቋሚ ነጥብ ወይም የመጠነ ቁሱ ማዕከል ሁልጊዜ አይከዳም፤ የሚነካው ነጥብ ደግሞ ክብደቱ እኩል ለተሠራጨ ክብ አካል ይሠራል። አንድ ጎኑ የከበደ ጎማ ከሆነ ወደ ማዕከሉ ተመለሱ።

አንድ ነገር ግን ሁለቱም መንገዶች አይነግሯችሁም፦ አካሉ በርግጥ ሳይንሸራተት መንከባለል ይችላል? ይህን የሚያውቀው የሰበቃውን መጠን የሚያወጣው የኃይል መንገድ ብቻ ነው። ሲሊንደር የሚፈልገው ሰበቃ ወደ ታች ከሚጎትተው የክብደት ክፍል አንድ ሦስተኛ ነው፤ ስለዚህ የሰበቃው መለኪያ ቁጥር ከተዳፋቱ ታንጀንት አንድ ሦስተኛ በታች ከሆነ ይንሸራተታል። ለቀለበት ግማሽ፣ ለሉል 2/7 ነው። ጥያቄው «ሳይንሸራተት» ካላለ በኢነርጂ መሮጥ ቁማር ነው።

ምን ይጠበቃል፣ ምን ይጠፋል

ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ በገመድ ታስሮ የሚዞር ኳስ እንውሰድ። በአንደኛው ሁኔታ ገመዱ በመሐል ባለ ቀዳዳ ወርዶ ከታች በእጅ ይሳባል፤ በሁለተኛው ገመዱ በአንድ ወፍራም እንጨት ላይ ራሱ እየተጠመጠመ ያጥራል። በሁለቱም ገመዱ ያጥራል፣ ሥዕሎቹም ይመሳሰላሉ። መፍትሔያቸው ግን ተቃራኒ ነው። በቀዳዳው በኩል ገመዱ ሁልጊዜ ወደ መሐል ስለሚስብ ቶርክ የለም፤ አንጉላር ሞመንተም ይጠበቃል። ራዲየሱ ሲጋመስ ፍጥነቱ እጥፍ፣ የእንቅስቃሴ ኢነርጂው አራት እጥፍ ይሆናል፤ ትርፉን የከፈለው የሚስበው እጅ ነው። በእንጨቱ በኩል ደግሞ ገመዱ ከእንቅስቃሴው ጋር ምንጊዜም ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሚሠራ ሥራ አይሠራም፤ ፍጥነቱ ባለበት ይቆያል። አንጉላር ሞመንተሙ ግን ይቀንሳል፣ ገመዱ የሚስበው ከእንጨቱ ጠርዝ እንጂ ከመሐሉ አይደለምና። ሁለቱን አለዋውጦ የፈታ ሰው አንድም የስሌት ስህተት ሳይሠራ ሁለቱንም ይስታል።

ግጭት ሲመጣ ነገሩ ጠጠር ይላል። 1 ሜትር ርዝመትና 3 ኪሎ ክብደት ያለው ዘንግ ከላይ በማጠፊያ ተንጠልጥሏል። ግማሽ ኪሎ ጭቃ በ6 ሜትር በሰከንድ መጥቶ ታችኛው ጫፍ ላይ ይለጠፋል። ኢነርጂ መጠቀም አይቻልም፣ መለጠፍ ያባክነዋልና። ሞመንተም (መጠነ ቁስ በፍጥነት ሲባዛ) ልጠቀም የሚል ደግሞ ማጠፊያውን ረስቷል። ትክክለኛው በማጠፊያው ዙሪያ አንጉላር ሞመንተም ነው፤ ማጠፊያው የሚገፋው እዚያው ነጥብ ላይ ስለሆነ ይወጣል። ከግጭቱ በፊት 0.5 × 6 × 1 = 3፤ በኋላ የዘንጉ ኢነርሺያ 1፣ የጭቃው 0.5፣ ድምር 1.5። ስለዚህ ዘንጉ በ2 ራዲያን በሰከንድ ይነሳል። የእንቅስቃሴ ኢነርጂው ከ9 ወደ 3 ጁል ወርዷል።

ሞመንተሙን ብናሰላው የሚገርም ነገር ይወጣል፦ ከግጭቱ በፊት 3 ነበር፣ ከግጭቱ በኋላ 4። ጨመረ! ማጠፊያው ዘንጉን ወደ ፊት፣ ጭቃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ገፍቶታል። ጭቃው ከማጠፊያው ሁለት ሦስተኛ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢያርፍ ኖሮ ማጠፊያው ምንም ባልተሰማው ነበር። ከግጭቱ በኋላ ያለው መወዛወዝ ግን የኢነርጂ ጉዳይ ነው፤ 3 ጁሉ ዘንጉን ወደ 32 ዲግሪ ገደማ ያነሳዋል። አንድን ጥያቄ ከግጭቱ በፊትና በኋላ ብሎ ቆርጦ ለየክፍሉ የተለያየ መንገድ መጠቀም ነውር የለውም።

ከውጭ ቆሞ ወይስ አብሮ እየዞሩ

የሚሽከረከር ሥርዓት ሌላ ምርጫ ያመጣል። ቆሜ ከውጭ ልየው ወይስ ላዩ ላይ ተቀምጬ? የምከተለው ደንብ ቀላል ነው፦ አካሉ በሚሽከረከረው ነገር ላይ ባለበት የሚቆይ ከሆነ አብሮ መዞር ይሻላል። ሴንትሪፉጋል (ወደ ውጭ የሚገፋ) ኃይል ጨምረን ጥያቄውን የሚዛን ጥያቄ እናደርገዋለን። አካሉ በላዩ ላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1835 ያሳየው ተጨማሪ ኃይል ይመጣል፤ እሱን የረሳ ሰው ከውጭ ቢቆም ይሻለው ነበር።

20 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ቀለበት በቁሙ፣ በመሐሉ በሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር ዙሪያ ይሽከረከር፤ በላዩ ላይ ያለ ሰበቃ የሚንሸራተት ዶቃ አለ። በ10 ራዲያን በሰከንድ ሲዞር ዶቃው የት ይቆማል? አብረን ስንዞር ክብደቱና ሴንትሪፉጋሉ በቀለበቱ አቅጣጫ መመጣጠን አለባቸው፤ ከታችኛው ነጥብ 60 ዲግሪ ላይ ይመጣል። የሚዛኑ ሒሳብ ግን ታችኛውን ነጥብም እንደ መልስ ይሰጣል። የትኛው ነው እውነተኛው? ይህን የሚለየው በሚዞረው ዓለም ውስጥ የሚጻፈው ፖቴንሻል (በየቦታው የተከማቸ ኢነርጂ) ነው፦ ከ7.07 ራዲያን በሰከንድ በታች የፖቴንሻሉ ሸለቆ ታች ነው፤ ከዚያ በላይ ታችኛው ነጥብ ኮረብታ ይሆንና ሸለቆው ወደ ጎን ይሸሻል።

ከውጭ ቆሞ ኢነርጂ ይጠበቃል ብሎ የጀመረ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ቀለበቱ በአንድ ፍጥነት እንዲዞር የሚያደርግ ሞተር አለ፤ ዶቃው ከመሐሉ ሲርቅ ሞተሩ ሥራ ይሠራል። «በቋሚ የማዕዘን ፍጥነት» የሚል ሐረግ ስታዩ ከጀርባው ሞተር እንዳለ ቁጠሩ።

ፑሊው ጨርሶ የማይዞር ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ገመድ በቋሚ ምሰሶ ላይ ሲጠመጠም፣ ኢነርሺያ የሚባለው ነገር ይቀርና የቴንሽኑን ልዩነት የሚወስነው ሰበቃው ይሆናል። የሰበቃው ቁጥር 0.3 ከሆነ በአንድ ዙር ቴንሽኑ 6.6 እጥፍ፣ በሦስት ዙር ከ280 እጥፍ በላይ ሊለያይ ይችላል። እዚህ ላይ የምሰሶው ውፍረት መልሱ ውስጥ አይገባም፤ የሚገባው የተጠመጠመው ማዕዘን ብቻ ነው።

የፈታችሁበትን መንገድ በሌላ መንገድ መፈተሽ ደግሞ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም። በቶርክ አክስሌሬሽን ካገኛችሁ 1 ሜትር አውርዳችሁ ኢነርጂውን ቁጠሩ። በላግራንዥ ከሆነ አንዱን መጠነ ቁስ ዜሮ አድርጉት፦ ፑሊ በፑሊ ላይ በተንጠለጠለበት ጥያቄ 1 ኪሎውን ብናጠፋው 3 ኪሎው በነፃ መውደቅ አለበት፣ 4 ኪሎውም እንዲሁ፤ ምክንያቱም ታችኛው ገመድ የሚይዘው ነገር የለም። በአራት የማባዛቱ ቀመርም ዜሮ ኪሎ ይሰጣል። ካልሰጠ ስህተቱ ያለው ብዙ ጊዜ ከገመዱ ርዝመት መስመር ላይ ነው፣ ፍለጋውን ከዚያ ጀምሩ።